ፎርጅድ የብስክሌት መለዋወጫ ምንድን ነው?

ፎርጅድ የሚባለው የሌላ አምራች ስምና ምልክት ያለፈቃድ የተለጠፈበት ዕቃ ነው። ርካሽ መሆኑ ብቻ ፎርጅድ አያሰኘውም። ሺማኖ ወይም ስራም ከተባሉት የታወቁ የብስክሌት ዕቃ አምራቾች ዕቃ ጋር እንዲገጥም ተሠርቶ በራሱ ስም የሚሸጥ ሰንሰለት ጥራቱ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ቢበጠስ ግን የሚጠየቅ ባለቤት አለው። የፎርጅዱ ሠሪ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ዋናው ችግርም ይኸው ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያገላብጠው ካርቶኑን ነው። እኔ በካርቶን ብዙም አላምንም፤ ካርቶን ማሳተም ብረት ከማጠንከር እጅግ ይቀላል። የፊደል ግድፈት ወይም የደበዘዘ ቀለም ካለ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ እንከን የሌለው ሕትመት ግን ምንም አያረጋግጥም። በተቃራኒው፣ ለብስክሌት ፋብሪካዎች በጅምላ የሚቀርብ ዕቃ ያለ መሸጫ ካርቶን ስለሚመጣ፣ ትርፉ ገበያ ሲወጣ በተራ ላስቲክ የተጠቀለለ ኦሪጅናል ሊያጋጥም ይችላል። የመለያ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ አንድን እውነተኛ ቁጥር በሺህ ዕቃ ላይ መገልበጥ አያቅትም።

ሰንሰለት ላይ ቢያንስ የሚለካ ነገር አለ። ከአንዱ ፒን (የሰንሰለቱን ክፍሎች የሚያያይዘው ትንሽ ዘንግ) መሐል እስከ ቀጣዩ ፒን መሐል 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 24 ክፍተት ሲቆጠር 304.8 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ወጠር አድርገው ሲለኩት ገና ከመታሸጊያው የወጣ ሰንሰለት 306 ካለፈ፣ አዲስ ሳለ ያለቀ ነው ማለት ይቻላል። ልኩ ትክክል ሆኖ ብረቱ የለሰለሰ ፎርጅድም አለ፤ አስቸጋሪው እሱ ነው። ኦሪጅናሉ ፒን ገጹ በሙቀት ተጠናክሯል። ያልተጠናከረው ቶሎ ይበላል፣ ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ ከዚያም ሰንሰለቱ የሚያርፍባቸውን የማርሽ ጥርሶች ቅርጽ ያበላሻል። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ከተነዳ በኋላ ነው።

ካርቦን ፋይበር፣ ማለትም በሙጫ የተጣበቀ የካርቦን ክር ጨርቅ፣ ደግሞ የባሰ ነው። የመሪና የፊት ሹካ ጥንካሬ የሚመጣው ጨርቁ በየትኛው አቅጣጫ፣ በስንት ድርብ እንደተነጠፈና ሙጫው እንዴት እንደደረቀ ነው። ውስጡ አየር ቢቀር ወይም ጨርቁ ቢጨማደድ፣ የላዩ ቀለም ሁሉንም ይሸፍነዋል። በሚዛን አምራቹ ካወጣው ክብደት ጋር ማወዳደር ይረዳል፤ ጥቂት ግራም መለየቱ ግን የተለመደ ስለሆነ አያስደነግጥም። ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፤ ካርቦን ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰበር ይችላል።

የራስ ቁር ውስጥ የሚለጠፈው የኢኤን 1078 ምልክት የአውሮፓ የደህንነት መስፈርት ነው፤ ተለጣፊውን ግን ማንም ያትመዋል።

ስለዚህ ከዓይን ይልቅ የግዢውን መንገድ ማጣራት ይሻላል። አምራቾች የተፈቀደላቸውን ሻጮች ዝርዝር በድረ ገጻቸው ያወጣሉ። ሻጩ እዚያ ከሌለ፣ ደረሰኝ ካልሰጠ፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ግማሽ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የተጠረጠረው የውሃ ጠርሙስ መያዣ ከሆነ ይቅር ብሎ መጠቀም ይቻላል። መሪ፣ የፊት ሹካ፣ የፍሬን ሸራ ወይም የራስ ቁር ከሆነ ግን አይገጠምም፤ ለሌላ ሰውም አይሸጥም።