ቁርአንን በቋንቋው፦ የካይሮው የተፍሲር መንገድ

ተፍሲር፣ ማለትም የቁርአን ትርጓሜ፣ ከቋንቋ ተለይቶ አያውቅም። የጥንቶቹ ሙፈሲሮችም (ተርጓሚዎቹ) ሰዋስው ይፈትሹ፣ የቀደምት ዐረቦችን ግጥም ይጠቅሱ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ላይ የመጣው ለውጥ ቋንቋው ከሁሉም እንዲቀድም ማድረግ ነው።

የሐሳቡ አባት በካይሮ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት አሚን አል ኹሊ (እ.ኤ.አ. 1895–1966) ናቸው። ለእሳቸው ቁርአን ታላቁ የዐረብኛ መጽሐፍ ነው። ሕግም ሆነ ፍልስፍና የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይመልስ፤ የ7ኛው ክፍለ ዘመን አድማጭ ቃሉን ሲሰማ ምን ገባው? ለዚህም ስለ አንድ ጉዳይ የሚናገሩ አንቀጾች ሁሉ ተሰብስበው በወረዱበት ቅደም ተከተል ይነበባሉ። በዘመኑ ዘመናዊ ሳይንስን ከቁርአን መፈልቀቅ ፋሽን ሆኖ ነበር። እሳቸው ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም።

መንገዱን በተግባር ያሳዩት ባለቤታቸው ዓኢሻ አብዱረሕማን (1913–1998) ናቸው። ቢንት አሽ ሻጢእ በሚለው የብዕር ስማቸው ይታወቃሉ። በ1962 መታተም በጀመረው ተፍሲራቸው 14 አጫጭር ሱራዎችን (ምዕራፎችን) ብቻ ወስደው ቃል በቃል ፈተሹ። በቁርአን ውስጥ ፍጹም አንድ ዓይነት ትርጉም ያላቸው ሁለት ቃላት የሉም ባይ ናቸው። «ሐለፈ» እና «አቅሰመ» መዝገበ ቃላት ላይ ሁለቱም «ማለ» ናቸው። እሳቸው አንቀጾቹን ሲደረድሩ ግን «ሐለፈ» በአብዛኛው የሚመጣው መናፍቃን (አማኝ መስለው የሚታዩ ግብዞች) በሐሰት ሲምሉ ሆኖ ተገኘ። አማኞችን በሚመለከትበት ቦታም ጉዳዩ የፈረሰ መሐላ ማካካሻ ነው። እንዲህ ያለው ነገር የሚገኘው ቁጭ ብሎ በመልቀም ብቻ ነው።

ዋጋ ያስከፈለ መንገድም ነው። የአል ኹሊ ተማሪ ሙሐመድ አሕመድ ኸለፈላህ የቁርአን ትረካዎች ዋና ዓላማ ታሪክ መዘገብ ሳይሆን ልብን መንካት ነው ብሎ የጻፈው የዶክትሬት ጥናት በ1947 ከባድ ውዝግብ አስነስቶ ውድቅ ሆነ። ይህንኑ መንገድ የተከተለው ግብፃዊ ምሁር ነስር ሓሚድ አቡ ዘይድ (1943–2010) ደግሞ በ1990 ቁርአንን እንደ ጽሑፍ የሚመረምር መጽሐፍ አሳተመ። በ1995 የካይሮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት «ከእስልምና ወጥቷል» ብሎ ትዳሩ እንዲፈርስ ወሰነ። እሱ ሙስሊም ነኝ እያለ! ከባለቤቱ ጋር ወደ ሆላንድ ሄዶ ላይደን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ።

ከካይሮ ውጪ የሚነሳው ስም የሶሪያው ሲቪል መሐንዲስ ሙሐመድ ሸሕሩር (1938–2019) ነው። ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸው ቃላት የሉም በሚለው ይስማማል። ሕግጋቱን ግን በሒሳብ ቀመር፣ በላይኛና በታችኛ ወሰን ያብራራል። አንባቢ አላጣም። በአል ኹሊ መለኪያ ግን ይወድቃል፤ ያ የመጀመሪያው አድማጭ የሒሳብ ቀመር አያውቅማ።