«ማሆምስም ተቀምጦ ነው የተማረው» ለምትሉኝ ሁሉ

ሚኒሶታ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሙያ እሠራለሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፉትቦል ወቅት በኦገስት መጨረሻ ተከፍቶ በኖቬምበር እስኪዘጋ ድረስ ጉልበቱ የታሰረ፣ ክንዱ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ጎረምሳ ከክሊኒካችን አይጠፋም። የእኛ ልጆችም እየበዙ ነው፤ እዚህ ተወልደው፣ ቤት ውስጥ አማርኛ እየሰሙ አድገው፣ አርብ ማታ ሄልሜት አጥልቀው የሚወጡ። አባቶቻቸው የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ከነተቀያሪው ያውቁታል። ስለ አሜሪካው ፉትቦል የሚያውቁት ግን ልጁ የነገራቸውንና ዩቲዩብ ላይ የለቃቀሙትን ነው። እሱ ነውር የለውም። የሚያንገሸግሸኝ ያንኑ ወሬ በየዓመቱ መስማቴ ነው፣ በተለይ የተጎዳው ልጅ ኳርተርባክ ሲሆን።

ለማያውቅ ሰው፦ ኳርተርባክ ኳሷን ተቀብሎ ለማን እንደምትሄድ የሚወስነው ልጅ ነው። ለመወሰን ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሰከንድ አይሞላም፤ በዚያ ላይ ሊጥሉት የሚሮጡ ግዙፍ ሰዎች አሉ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

«ማሆምስም አንድ ዓመት ተቀምጦ ነው የተማረው፤ የእኔም ልጅ እስኪድን ይማራል»

በዚህኛው ትዕግሥቴ አልቋል። እርግጥ ዝነኛው ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስ እ.ኤ.አ. በ2017 የካንሳስ ሲቲን ፕሮፌሽናል ቡድን ሲቀላቀል ቦታው የአሌክስ ስሚዝ ነበር፤ በመደበኛው ወቅት የተሰለፈውም በመጨረሻው የዴንቨር ግጥሚያ ላይ ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት 50 የታችዳውን (በእግር ኳስ ጎል እንደሚባለው) ኳስ ወርውሮ የሊጉ ኮከብ ተባለ። እስከዚህ ልክ ናችሁ። የምትዘሉት ነገር ማሆምስ በ2017 ጤነኛ እንደነበረ ነው። በልምምድ የተጋጣሚውን ኳርተርባክ ሆኖ የራሱን ቡድን ተከላካዮች ይፈትን ነበር። የተቀመጠው በግጥሚያ ቀን ብቻ ነው። ክራንች ይዞ የቆመ ልጅ ይህ ዕድል የለውም።

መቀመጥ በራሱ ቢያስተምር ኖሮ አንቶኒ ሪቻርድሰን ዛሬ የት በደረሰ! ኢንዲያናፖሊስ በ2023፣ ቡድኖቹ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ልጆችን በየተራ በሚወስዱበት ዓመታዊ ምርጫ፣ በአራተኛ ደረጃ ሲመርጠው በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ቋሚ ሆኖ የጀመረው 13 ግጥሚያ ብቻ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ አራት ግጥሚያ እንደተጫወተ የሚወረውርበት ትከሻው ተጎድቶ ኦፕራሲዮን ሆነ፤ ዓመቱ በዚያው አለቀ። በ2024 ሲመለስ ከወረወራቸው ኳሶች የተያዙለት 47.7 በመቶው ብቻ ናቸው። በመሃሉም ቦታውን ለአንጋፋው ለጆ ፍላኮ ለቅቆ ቆየ። ክንዱማ እንኳን ከእኩዮቹ ከአንጋፋዎቹም ይበልጥ ነበር። የጎደለው በሩጫና በጩኸት መሃል የተሰጠ ውሳኔ ነው፤ እሱን ወንበር ላይ አላገኘውም።

«ጆ በሮውስ?» ትሉኛላችሁ። በኖቬምበር 2020 ዋሽንግተን ላይ የጉልበት ጅማቱ ተቀድዶ በቀጣዩ ወቅት ሲንሲናቲን ለሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ለሱፐር ቦውል፣ አበቃ። ነገር ግን በሮው ከመጎዳቱ በፊት በኤል.ኤስ.ዩ. (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ሁለት ሙሉ ዓመት ቋሚ ነበር፤ በ2019 ብቻ 60 ታችዳውን ወርውሯል። በሲንሲናቲም አሥር ግጥሚያ ጀምሯል። ሶፋ ላይ እግሩን ሰቅሎ ሲተኛ በጭንቅላቱ የሚያመላልሰው የራሱ ሥራ ነበረው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ምኑን ያመላልስ?

የሰፈራችንን እንይ። ኳርተርባኩን ጄ.ጄ. ማካርቲን የሚኒሶታው ቫይኪንግስ በ2024 በአሥረኛ ደረጃ ሲመርጠው የ21 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ኦገስት በመጀመሪያ የወዳጅነት ግጥሚያው የቀኝ ጉልበቱ ሜኒስከስ (በጉልበት መጋጠሚያ ውስጥ ያለችው ለስላሳ አጥንት) ተቀደደ፤ ወቅቱ ሳይጀመር አለቀ። ሳም ዳርኖልድ ተተክቶ ቡድኑ 14 ግጥሚያ ሲያሸንፍ ማካርቲ ከአሠልጣኙ ከኬቨን ኦኮኔል ጋር በስብሰባ ዓመቱን ፈጀ። በሴፕቴምበር 2025 ቺካጎ ላይ ሲጀምር ሦስት ሩብ ሙሉ ተደናበረ፣ ኳሱም ተጠልፎ ታችዳውን ተቆጠረበት። በአራተኛው ሩብ ነቃና ሁለት ወርውሮ፣ አንዱን ራሱ ሮጦ 27 ለ 24 አሸነፈ። በሳምንቱ በአትላንታ 22 ለ 6 ተረታ፤ ቁርጭምጭሚቱም ተጎዳ። ያን ሰሞን የሐበሻ ሬስቶራንት ሁሉ «ዓመት ሙሉ ምን ሲማር ነበር?» ይል ነበር። ምን መደረግ እንዳለበት ተምሯል። ፍጥነቱን ግን ማንም በስብሰባ ሊሰጠው አይችልም። ወጥ ቤት በር ላይ ቆሞ ያየ ሁሉ ወጥ አይሠራም፤ ሽንኩርቱን ቢያንስ ይክተፍ።

ሽንኩርቱ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ልጁ በየቀኑ የሚጠየቅበት ሥራ ይሰጠው ነው የምለው። ተመሳሳይ ጉዳት ይዘው የመጡ ሁለት የእኛ ልጆች ነበሩኝ። አንደኛውን እናቱ «እህቴ፣ እስኪድን ቤት ይቀመጥልኝ፤ ሜዳውን ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል» አለችኝ። ከትምህርት ቤት ቤት፣ ከቤት ትምህርት ቤት ሆነ። ሁለተኛውን አሠልጣኙ ምልክት ሰጪ አደረገው። በትምህርት ቤት ግጥሚያ ፕሌይ (ቡድኑ አስቀድሞ የተለማመደው የጨዋታ ዕቅድ) በአብዛኛው የሚተላለፈው ከመስመር ዳር በእጅ ምልክት ወይም ክንድ ላይ በሚታሰር ካርድ ነው። ያ ልጅ ሰዓቱ እየቆጠረ አሠልጣኙ የጠራውን ሰምቶ፣ ወደ ምልክት ለውጦ፣ ሳይሳሳት ለተተኪው ማድረስ ነበረበት። ቢሳሳት አሥራ አንድ ልጅ ይሳሳታል። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱም ጉልበታቸው ድኖ ተመለሱ። የመጀመሪያው የፕሌዮቹን ስም እንኳ እንደ አዲስ ሲያጠና ሁለተኛው ለጓደኞቹ ያስረዳ ነበር።

ስለዚህ አሠልጣኙን «ልጄ ሜዳ ዳር ቢቆም ይፈቀድለታል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይፈቀድለታል። «ምን ሥራ ትሰጠዋለህ?» በሉ። ልምምድ ላይ ከአጥቂዎቹ ኋላ ራቅ ብሎ ይቁም። ፕሌዩን ጮክ ብሎ ይጥራ፣ ከኋላ ያሉትን ተከላካዮች ይቁጠር፣ ኳሷ ሳትወረወር የት መሄድ እንዳለባት ይናገር። አጠገቡ አንድ ረዳት አሠልጣኝ ቆሞ ትክክልና ስሕተቱን ይያዝለት። አፉን ያልከፈተ ልጅ ምን እንደተረዳና ምን እንዳልተረዳ ማንም አያውቅለትም።

«ፊልም ያያል፤ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩ ላይ ነው»

ስልኩ ላይ ያለው የቆንጆ ውርወራ ቅንጭብጫቢ ነው፤ ፊልም አይባልም። የቲቪውም ሥርጭት ቢሆን ካሜራው ኳሷን ስለሚከተል ኋላ ያሉት ተከላካዮች ከምስሉ ይወጣሉ፤ ኳርተርባክ ማንበብ ያለበት ደግሞ እነሱን ነው። የትምህርት ቤቱ ቡድን ከላይ የተቀረጸ ሙሉ ቪዲዮ አለው፤ አሠልጣኙን ብትጠይቁት ይከፍትላችኋል። ታዲያ ኳሷ ከመነሣቷ በፊት ቪዲዮውን ያቁመው። ከኋላ የቆመው ተከላካይ አንድ ነው ሁለት? ማን ሊሮጥበት ያሰፈሰፈ ይመስላል? መጀመሪያ ማንን ያያል፣ እሱ ቢዘጋስ? መልሱን በወረቀት ጽፎ ከዚያ ያጫውተው። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ካየ ይበቃዋል። ሦስት ሰዓት አየሁ የሚለኝን አላምነውም።

«ዶክተሩ ዘጠኝ ወር አለ፤ ዘጠኝ ወሩ ሞላ»

ይሄኛውን የሚያመጡት በአብዛኛው አባቶች ናቸው። ቀኑን ግድግዳ ላይ ጽፈው ይቆጥራሉ። ኤ.ሲ.ኤል. የሚባለው የጉልበት ጅማት ሲታደስ ዘጠኝ ወር ዝቅተኛው ነው። ከዚያ በፊት የሚመለሱ ወጣቶች ድጋሚ የመቀደድ አደጋቸው በግልጽ ከፍ ይላል፤ ዘጠኝ ወር ስለሞላም ጉልበቱ ተዘጋጀ ማለት አይደለም። እኔ የማየው የተጎዳው እግር የጭን ጡንቻ ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶውን መግፋቱን፣ በአንድ እግር ሲዘል የት እንደሚያርፍ፣ ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ አለመታጠፉን ነው። ይህን ያላለፈን ልጅ ዓመት ቢሞላውም አልለቀውም።

ሮበርት ግሪፊን ሦስተኛውን አስታውሱ። በ2012 ለዋሽንግተን ተጫውቶ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ። በዲሴምበር ጉልበቱ ተጎድቶ በማሰሪያ ይጫወት ነበር፤ ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 በሲያትሉ ግጥሚያ ጉልበቱ ከዳው። ሁለት ጅማት ተጠገነለት፤ አንደኛው በቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ2009 ተቀድዶ የነበረው ነው። ከዚያ ያ ሁሉ ማስታወቂያ፣ ያ ሁሉ «ለመጀመሪያው ሳምንት እደርሳለሁ»። ደረሰም፤ ከኦፕራሲዮኑ ስምንት ወር በኋላ፣ አንድም የወዳጅነት ግጥሚያ ሳይጫወት። የወቅቱን የመጨረሻ ሦስት ግጥሚያዎች ወንበር ላይ ሆኖ ጨረሰ፤ የ2012ቱ ግሪፊን ከዚያ በኋላ አልታየም። ጥፋቱ የጉልበቱ ብቻ ነው አልልም፤ አሠልጣኝም አስተዳደርም ተጣልተውበታል። ግን የልምምድ ጊዜው ሁሉ ጉልበቱን ለማዳን ሲውል ለኳርተርባክነቱ የተረፈ ጊዜ አልነበረም። አባቶች የሚያስቡት ስለ መመለሻው ቀን ብቻ ነው፤ ከመመለሻው በፊት ስለሚያስፈልገው የልምምድ ወር የሚጠይቀኝ የለም።

«ሜኒስከስ እኮ ትንሽ ናት፤ የጎረቤታችን ልጅ በወር ተመለሰ»

የጎረቤታችሁ ልጅ የተቀደደው ተቆርጦ ወጥቶለት ይሆናል፤ የእናንተ ልጅ ተሰፍቶለት ነው። የተቆረጠለት በወር በወር ተኩል ሊሮጥ ይችላል። የተሰፋለት ለሳምንታት ክራንች ላይ ይቆያል፤ ወደ ግጥሚያ ለመመለስ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጅበታል። ያም ሆኖ በዚህ ዕድሜ መስፋት ከተቻለ ይሰፋል፤ የተቆረጠችው ለስላሳ አጥንት ስለማትተካ ልጁ በአርባ ዓመቱ የጉልበት ሕመምተኛ እንዳይሆን ነው። ማካርቲ ዓመቱን ያጣው ስለተሰፋለት ነው።

«ማንም ሳይነካው እንዴት ይጎዳል? ደብቆን ነው»
አልደበቃችሁም። የቫይኪንግሱ ቴዲ ብሪጅዎተር ኦገስት 30 ቀን 2016 ማንም ሳይነካው በልምምድ ላይ ጉልበቱ ወልቆ ጅማቱ ተቀደደ።

«አንድ ጎበዝ ወጌሻ አለ፤ ያሽልን?»
የተሰፋ ጉልበት አይታሽም። አይታሽም አልኩ።

«እግሩ እንጂ ክንዱ ጤነኛ ነው፤ ወንበር ላይ ሆኖ ይወርውር»

ቀስ ብሎ፣ በቁጥር፣ የሚያክመው ሰው ከፈቀደ ይቻላል። በሙሉ ኃይሉ ግን አይሆንም። የውርወራ ኃይል ከእግርና ከዳሌ ነው የሚነሣው፤ እግር የሌለበት ኃይል በሙሉ ትከሻ ላይ ያርፋል። ጉልበቱ ሊድን ሲል ትከሻውን ይዞ የመጣ ልጅ አይቻለሁ።

«ስለማይሮጥ ትንሽ ይብላ»

ተቃራኒው ነው። ቁስል የሚያድንና ጡንቻ የሚተካ ሰውነት ፕሮቲን ይፈልጋል፤ የታሰረ እግር በሳምንታት ውስጥ ዓይን እያየው ይሟሽሻል። ለኛ ቤት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ በኦክቶበር የተጎዳ ልጅ ኦፕራሲዮን ሆኖ ሲነሣ ጾመ ነቢያት ይገባል። መጾም አይከለከልም፤ ነገር ግን ቁርስ ዘሎ ከሰዓት በኋላ እንጀራ በጥቂት ሽሮ የሚበላ ልጅ የሰጠሁትን እንቅስቃሴ አይችለውም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ለውዝ በደንብ፣ በቀን ከሦስት ጊዜ ያላነሰ ይብላ። ስለ ሰዓቱና ስለ ጾሙ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ያማከሩ ሁሉ «ልጁ ታማሚ ነው፤ ይብላ» ተብለው ነው የተመለሱት።

«ቦታው ይጠብቀዋል»

ላይጠብቀው ይችላል፤ ልጁ ይህን ከእናንተ ቢሰማ ይሻለዋል። የእዚሁ የሚኒሶታዋ የማርሻል ከተማ ልጅ፣ ኳርተርባኩ ትሬይ ላንስ፣ በ2021 በሦስተኛ ደረጃ ሳን ፍራንሲስኮ ተመርጦ፣ በ2022 በሁለተኛው ሳምንት ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ወቅቱ ሲያልቅ ቦታውን የያዘው በዚያው ዓመት ከ262 ተመራጮች መጨረሻ የተጠራው ብሮክ ፐርዲ ነበር። በኦገስት 2023 ላንስን ለዳላስ ሰጡት። ተተኪው ጎበዝ ሆኖ መገኘቱ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ልጃችሁ ግን ተኮራርፎ ከቡድኑ ቢርቅ ቦታውንም ትምህርቱንም ያጣል።

«ጭንቅላቱን ነው የተመታው፤ ጨለማ ክፍል ይተኛ» ወይም «ጭንቅላቱ ነው እንጂ እግሩ ደህና ነው፤ ይጫወት»

ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አደገኛ። ኮንከሽን (በምት የሚመጣ የአንጎል መናወጥ) ያለበት ልጅ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቀን ያርፋል፣ ስክሪን ይቀንሳል። ከላይ ያልኩት የቪዲዮ የቤት ሥራም ለጊዜው ይቀርበታል። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ከመተኛት ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ይሻለዋል፤ ሕመሙ ከባሰበት ያቆማል። ወደ ሜዳ ለመመለስ ግን በሚኒሶታ ከ2011 ጀምሮ ሕግ አለ፦ ኮንከሽን የተጠረጠረበት ልጅ ወዲያው ከጨዋታ ይወጣል፤ የሚመለሰውም በጉዳዩ የሠለጠነ የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ሲፈቅድ ነው። ወረቀት ያልያዘ ልጅ አባቱ ቢምልለትም አይገባም።