የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች የጤና ምርመራ በአዲስ አበባ ዳርቻ

የሌሊት ፈረቃ ምርመራ ማለት ሌሊት መሥራት ለሠራተኛው ጤና ይስማማው እንደሆነ የሚታይበት ነው። በአቃቂ ቃሊቲ፣ በቦሌ ለሚና በቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ ወጣ ሲሉም በገላንና በዱከም ብዙ ቤት የሚነካ ጉዳይ ነው። ፋብሪካውም ጥበቃውም ሌሊት ሥራ ላይ ነው።

ለቅጥር ከሚጠየቀው የጤና ወረቀት ይለያል። ያኛው አንዴ ማህተም ይመታበትና ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ይሄኛው መደጋገም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት የሌሊት ሥራ ስምምነት ቁጥር 171 ሠራተኛው ሌሊት ከመመደቡ በፊት፣ ከዚያም በየጊዜው፣ እንዲሁም ሥራው ሲያሳምመው በነፃ የመመርመር መብት ይሰጠዋል። ውጤቱም «ለሌሊት ሥራ ብቁ አይደለም» ከሚለው በቀር ያለ ፈቃዱ ለማንም አይነገርም። እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። የግፊት ክኒን መዋጡን ሱፐርቫይዘሩ ማወቅ ለምን ያስፈልገዋል?

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ ይከለክላል።

ምርመራው ትልቅ ማሽን አይፈልግም። ግፊት ይለካል፣ ስኳር ይታያል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የምግብ ሰዓቱ ሲገለበጥ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። የሚጥል በሽታን ደግሞ እንቅልፍ ማጣት ይቀሰቅሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም የሌሊት ፈረቃን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት ጋር የመደበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ በ2019 አጽንቶታል።

ከመሣሪያው በላይ የሚሠራው ግን ጥያቄው ነው። ጨጓራህ እንዴት ነው? ቀን ስንት ሰዓት ትተኛለህ? የት? ከሥራ የገባ ሰው ጋደም ሲል የቆርቆሮው ጣሪያ መጋል ይጀምራል። ግቢው ውስጥ ልብስ ይታጠባል፣ ቡና ይወቀጣል፣ የጎረቤት ልጅ ያለቅሳል። እንዲህ ላለ ሰው «ስምንት ሰዓት ተኛ» ብሎ መሸኘት ቀልድ ነው። ጎበዝ ሐኪም ክፍሉን ከማን ጋር እንደሚጋራ፣ መስኮቱ መጋረጃ እንዳለው ሳይቀር ይጠይቃል። አብሮት የሚኖረው ጓደኛው ፈረቃው አንድ ከሆነ ግማሹ ችግር ቀለለ ማለት ነው።

በስምምነቱ መሠረት ሌሊት የማይሆነው ሰው በተቻለ መጠን ወደ ተመሳሳይ ሥራ ይዛወራል። የቀን ቦታ ከሌለስ? ሠራተኛው እንጀራዬ ይቀራል ብሎ ይፈራና «ደህና ነኝ፣ ምንም አልል» ይላል። ያኔ ጥያቄውን አዙሮ መጠየቅ ነው፦ «ሰርቪስ ላይ እንቅልፍ ይዞህ ከመውረጃህ አልፈህ ታውቃለህ?» ከሳቀ፣ ሐኪሙ ይጽፋል።