ቡታይል ቴፕ ምንድን ነው? (ሲሊኮን አይደለም)

የቆየ ካምፐር ቫን (መኝታ ያለው መኪና) መስኮቱ ባፈሰሰ ቁጥር “ዙሪያውን ሲሊኮን ቅባው፤ ቡታይልም ያው ነው” የሚል መካሪ አይጠፋም። ኧረ ያው አይደለም! ሲሊኮን ይደርቃል፣ ቡታይል አይደርቅም።

ቡታይል እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ የተገኘ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ለመስኮት በተለምዶ 19 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሚጣበቅ የቡታይል ቴፕ ጥቅል ይገዛል። ቦታው በፍሬሙና በላሜራው መሀል ነው እንጂ ከውጭ የሚለቀለቅ ነገር አይደለም። አረቄ ሲወጣ የእንስራውና የመቃው መጋጠሚያ በሊጥ ይደፈን የለ? ሊጡ እንፋሎት የሚይዘው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ነው። ደርቆ ከተሰነጠቀ በላዩ ሌላ ቢደርቡበት እንፋሎቱ መውጫ አያጣም፤ ነቅሎ እንደገና መድፈን ነው። ቡታይል የማይደርቅ ሊጥ በሉት። ላሜራው በፀሐይ ሲለጠጥ፣ በብርድ ሲኮማተር አብሮት ይሄዳል።

የሲሊኮኑ ጥፋት ደግሞ ውሃ አለመያዙ ብቻ አይደለም። ተንሸራታች መስኮት ከፍሬሙ ግርጌ፣ በውጭ በኩል፣ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሐዲዱ ላይ የተጠራቀመው ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው። “የሚያፈሰውን አገኘሁት” ብሎ የደፈናቸው ሰው ውሃውን ወደ አልጋው መለሰው ማለት ነው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው የሲሊኮን ዓይነት ደግሞ ቀለሙ የተላጠ ላሜራን ያዝጋል። ቅሪቱ ሙልጭ ብሎ ካልጸዳ ቀለምም ሆነ አዲስ ሲሊኮን አይይዝበትም።

ስለዚህ ፍሬሙን ከውስጥ በኩል የሚይዘውን ቀለበት ብሎኖች ፈትቶ መስኮቱን ማውጣት ግድ ነው። አሮጌውን በፕላስቲክ ስፓቱላ ፋቁ። መስኮቱ አክሪሊክ (መስታወት መሳይ ፕላስቲክ) ከሆነ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ) አታስነኩት፤ ይሰነጣጥቀዋል። ዝገት ካለ ፍቆ፣ ቀለም ቀብቶ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ቴፑን ሳትስቡ ፍሬሙ ላይ አዙሩት፤ ከተሳበ ይሳሳል፣ የሳሳው ቦታ ያፈሳል። ብሎኖቹን በአንዴ ሳይሆን በየተራ፣ ፊት ለፊት እያቀያየሩ ማጥበቅ ነው። ቡታይሉ ዙሪያውን እኩል ተጨምቆ መውጣት አለበት። ያልወጣበት ጎን ክፍተት አለው። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና አጥብቃችሁ ትርፉን ቁረጡ።

የፊት መስታወት ግን በቡታይል አይሞከርም። ፋብሪካው በፖሊዩረቴን (ጠንካራ ማጣበቂያ) ያጣበቀውን ቡታይል ሊሸከመው አይችልም። እንደ ድሮዎቹ ቮልስዋገኖች በወፍራም ጎማ የተያዘ መስኮት ከሆነም የደረቀውን ጎማ መቀየር ይሻላል።

ከመፍታት በፊት ውሃው የሚገባበትን ለማወቅ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ሌላው በጎማ ቱቦ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ያጠጣ። ውስጡ የሚረጥበው ዝናብ ሳይኖር ጠዋት ጠዋት ብቻ ከሆነ የእናንተው ትንፋሽ ነው፤ መስኮቱን ትንሽ ከፍታችሁ እደሩ።