የሳምንቱ ቃርሚያ፦ ያልታጨደው የእርሻ ዳር

ሰላም ቅዱሳን፣ እንዴት ሰነበታችሁ? በዚህ ሳምንት በቃሉም፣ በንባብም፣ በሰፈርም ያገኘኋቸውን ልቤን የነኩ ነገሮች ላካፍላችሁ ብዬ ነው፣ ሁሉም ደሞ የሚሄዱት ወደ አንድ ነገር ነው።

መጀመሪያ መጽሐፈ ሩት። አራት ምዕራፍ ብቻ ነች፣ ባንድ ቁጭታ ታልቃለች። ብዙ ጊዜ ስለ ሩት ስናወራ «ሕዝብሽ ሕዝቤ» የሚለው ላይ እንቆማለን፣ እኔን ግን በጥሞና ጊዜዬ የያዘኝ ምዕራፍ 2 ነው። ባል የሞተባቸው ሁለት ሴቶች፣ ኑኃሚንና ምራቷ ሩት፣ ከሞዓብ ቤተልሔም ገቡ፣ ገብስ መታጨድ የጀመረበት ወቅት ነው፣ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም። ሩት ተነስታ ልቃርም አለች። ግን እንዴት ነው አንዲት ባዕድ ሴት ዝም ብላ የሰው እርሻ ገብታ እህል የምትለቅመው? ምክንያቱም እግዚአብሔር እሷ ከመምጣቷ ከብዙ ዘመን በፊት ቦታውን አዘጋጅቶላት ነበር። ዘሌዋውያን 19፥9-10ን ተመልከቱ፣ ስታጭዱ የእርሻችሁን ዳር ጨርሳችሁ አትጨዱ፣ የወደቀውንም አትልቀሙ፣ ለድሃና ለእንግዳ ተዉት ይላል፣ መጨረሻው ላይ ደሞ «እኔ እግዚአብሔር አምላካችሁ ነኝ» ብሎ ያትመዋል። በቃ ሌላ ማብራሪያ የለውም!

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ዳሩ ላይ የቀረው እህል ትርፍራፊ አይደለም እኮ። ከመሃሉ ጋር አብሮ የተዘራ፣ ያንኑ ዝናብ የጠጣ፣ ያው ንጹሕ እህል ነው፣ ባለቤቱ ማጨድ እየቻለ የተወው ነው። ሌላው ደሞ፣ ድሃው ደጅ ቆሞ እጁን አልዘረጋም፣ ራሱ ገብቶ በእጁ ለቅሞ፣ በላቡ ወቅቶ ነው ወደ ቤቱ የሚወስደው፣ ክብሩ አልተነካም። ሩት እስከ ማታ ቃርማ ስትወቃው አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ወጣ፣ ይሄ ወደ 22 ሊትር ይሆናል ይባላል፣ ለአንድ ቀን ቃርሚያ በጣም ብዙ ነው። የበዛውም የእርሻው ባለቤት ቦዔዝ ከሕጉ አልፎ ስለሄደ ነው፣ አጫጆቹን ከነዶው ሆን ብላችሁ እየመዘዛችሁ ጣሉላት፣ አትውቀሷት ብሏቸው ነበር (2፥16)። ሕጉ ዳሩን ተው ይላል፣ ፍቅር ግን መሃሉንም ይነካል።

ከሁሉ የገረመኝ ዘሌዋውያን 23 ነው። ምዕራፉ ስለ በዓላት ነው የሚያወራው፣ ፋሲካ፣ በኩራት፣ በዓለ ሃምሳ እያለ ይሄድና ድንገት ቁጥር 22 ላይ የእርሻህን ዳር አትጨድ የሚለውን ይደግመዋል፣ ከዛ ወደ በዓላቱ ይመለሳል። ለምን እዛ መሃል ገባ? እኔ እንደሚመስለኝ እግዚአብሔር መዝሙሩንና መሥዋዕቱን ከድሃው ድርሻ ለይቶ ሊቀበለን አይፈልግም። እሁድ እጃችንን አንስተን እያመለክን ከሰኞ ጀምሮ ግን እርሻችንን እስከ ጫፍ ድረስ አጭደን የምንጨርስ ከሆነ የሆነ ነገር ጎድሏል።

በንባብ በኩል ደሞ ስለ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሳነብ ነበር። አቡ ሩሚ የሚባሉ የጎጃም ሰው ካይሮ ተቀምጠው፣ አሴሊን ከሚባል ፈረንሳዊ ጋር ለአስር ዓመት ያህል እየሠሩ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ተረጎሙ። ታትሞ ሳያዩት ነው ያረፉት፣ ሙሉው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ሌሎች ደሞ ከዛ በኋላ መጥተው ሠሩበት፣ አረሙት፣ እንደገና ተረጎሙት፣ ዛሬ ብዙዎቻችን እጅ ላይ ያለው የ1954 ዓ.ም.ም አለ፣ ስልካችን ላይም በነጻ በአፕ እናነበዋለን። ይሄንን ሳነብ እንባዬ ነው የመጣው፣ ጠዋት ጠዋት የምቃርመው ሌላ ሰው ደክሞበት ትቶልኝ ካለፈው እርሻ ነዋ።

ከሰፈር ያገኘሁት አጭር ነው ግን አልረሳውም። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት እህት አለች፣ በጋገረች ቁጥር ብቻቸውን ለሚኖሩ እማማ በልጇ እጅ ትልካለች። የምትልከው ደሞ ዓይኑ ያማረውን ነው፣ ለገበያ የሚወጣውን። ማሟሻውን ብትልኪላቸውም እኮ ያመሰግኑሻል ስላት «እሱማ ለኔና ለልጆቼ ይሆናል» አለችኝ፣ ስለሱ ደግማም አላወራችም። በዚህ የጤፍ ዋጋ! ይህቺ እህት ዘሌዋውያንን ጠቅሳ ስታስተምር ሰምቼ አላውቅም፣ ግን እየኖረችው ነው።

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን እርሻ የለንም፣ ደሞዝና ሰዓት ነው ያለን፣ ኑሮውም ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ደሞዙ ገና ሳይገባ ያለቀበት ሰው ይሄንን ሲያነብ እንዲከፋው አልፈልግም፣ እሱ ምናልባት ዛሬ ሩት ነው፣ መቃረም ደሞ ነውር አይደለም፣ ሩት ቃርማ ነው የዳዊት ቅድመ አያት የሆነችው፣ ማቴዎስ 1 ላይ በጌታችን የትውልድ ሐረግ ስሟ ተጽፏል። ትንሽ የተረፈን ግን እንጠንቀቅ። ከወሩ ገቢ ላይ ገና ሳይነካ ለሰው የሚሆን ትንሽ ነገር ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ሲተርፈኝ እሰጣለሁ ካልን መቼም አይተርፍም። ሰዓትም እንደዛው ነው፣ ቅዳሜን ከጠዋት እስከ ማታ በፕሮግራም ከሞላነው የታመመ የሚጠየቀው፣ የከፋው ሰው ቁጭ ብሎ የሚደመጠው መቼ ነው?

በዚህ ሳምንት ሩት 2ን፣ ዘሌዋውያን 23ን እና ዘዳግም 24፥19-22ን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ፣ ቢቻል ከቤተሰብ ጋር ድምፅ አውጥታችሁ። ዘዳግም ላይ እግዚአብሔር ምክንያቱን ራሱ ይነግረናል፣ በግብፅ ባሪያ እንደነበርክ አስብ ነው የሚለው። ከዛ የእናንተ የእርሻ ዳር የቱ እንደሆነ በጸሎት ጠይቁት። ጌታ ይባርካችሁ።