የኦንላይን ጌም ማጭበርበር በጎጃም

«ቺት» የሚባለው በፕሮግራም ወይም በኔትወርክ ዘዴ ከጨዋታው ሕግ ውጪ ብልጫ ማግኘት ነው። ይህን የሚያደርገውን ሰዎች «ሀከር» ይሉታል፤ አብዛኛው ግን የተዘጋጀ ፋይል ከመጫን ሌላ ሙያ የለውም። እዚህ ጎጃም ስንል ባሕር ዳርንም ጨምረን ነው።

በኮምፒውተር ጌም ነገሩ የቆየ ነው። የተኩስ ጌሙ የካውንተር ስትራይክ ባለቤት ቫልቭ «ቫክ» የተባለውን የቺት መቆጣጠሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የስልኩ የተኩስ ጌም ፐብጂ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ከሁሉም የሚታወቁት «ኤምቦት» እና «ዎልሀክ» ናቸው። ኤምቦት አነጣጥሮ ይተኩስልሃል። ዎልሀክ ከግድግዳ ጀርባ ያለውን ያሳይሃል። ስልክህ ጠላትን በሰዓቱ ስክሪን ላይ እንዲያወጣ፣ ሰርቨሩ (ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ጠላት ያለበትን ቦታ ቀድሞ ይልክለታል። አንተ አታየውም እንጂ መረጃው ሜሞሪው ውስጥ ነው። ቺቱ እሱን ያነባል።

የጎጃም ተጫዋች ግን ከማጭበርበሩ ይልቅ ስሙ የሚነሳው በላግ፣ ማለትም በኔትወርክ መዘግየት፣ ሳይሆን አይቀርም። የሚጫወተው አውሮፓ ወይም መካከለኛው ምሥራቅ ባለ ሰርቨር ነው። ፒንጉ (መረጃ ሰርቨሩ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ) ሲጨምር ተጫዋቹ ከአንድ ቦታ ጠፍቶ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ሰርቨሩም ለዘገየው ሰው ጊዜውን ወደኋላ መልሶ ስለሚያሰላ፣ ግድግዳ ጀርባ ገብቶ የዳነ የመሰለው ተጋጣሚ ይሞታል። ወዲያው «ሀከር!» ይባላል፤ ሪፖርት ይደረጋል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። እርግጥ ሆን ብለው ኔታቸውን እየቆራረጡ የሚጫወቱ አሉ፤ ይህ «ላግ ስዊች» ይባላል፣ እሱ ጥርት ያለ ማጭበርበር ነው። የእኛ ልጆች ላግ ግን በአብዛኛው የኔትወርክ ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ቺተሩም ጨዋውም እኩል ከጨዋታ ወጡ። የመስመር ኢንተርኔት ያላገኘ ሰው የቀረው በአንድ ስክሪን ጎን ለጎን የሚጫወቱት የእግር ኳስ ጌም ነበር። እዚያ ማጭበርበር ቢኖር የጓደኛን ጆይስቲክ መንካት ነው፤ እሱም በዓይን ይታያል።

ቺት በቴሌግራም ሲላክ ብዙውን ጊዜ ኤፒኬ (የአንድሮይድ መተግበሪያ መጫኛ ፋይል) ሆኖ ነው። ፋይሉ ኤስኤምኤስ ለማንበብ ፈቃድ ከጠየቀ መጠርጠር ነው፤ ለጌም ኤስኤምኤስ ምን ያደርግለታል? የቴሌብር ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በዚያው ነው። ፐብጂ ሞባይል ራሱ የያዘውን ቺተር አካውንት እስከ 10 ዓመት ባን ያደርጋል (ከጨዋታው ያግዳል)።