«አብሽር፣ ስክሪፕቱ ለጥፎታል»፦ ስለ ላይሰንስ ማሳሰቢያ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ፣ ልጆች ተከራይተው ኮድ የሚጽፉባት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የግዕዝ ፊደል መጻፊያ አፕ ሠርተዋል። ሊለቁት ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል፤ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሌሎችም ክፍት) እንዲሆን ወስነዋል። «ላይሰንሱስ?» አልኩ፤ የአጠቃቀም ፈቃዱን ማለቴ ነው። ቡና የሚቀዳው ልጅ ቀና ሳይል «አብሽር ጋሼ፣ ስክሪፕቱ ለጥፎታል» አለኝ።

ስክሪፕቱ፣ ማለትም ሥራውን በራሱ የሚሠራው አጭር ፕሮግራም፣ መለጠፉንስ ለጥፏል። ምን ላይ እንደለጠፈ ግን ማንም አላየም። አብረን ከፍተን ስናይ፣ እነሱ የጻፉት ፋይል 40 አይሞላም። ስክሪፕቱ የነካው ከ300 በላይ ነው።

የላይሰንስ ማሳሰቢያ የምንለው በየሶርስ ኮድ ፋይሉ አናት ላይ በኮሜንት (ኮምፒውተሩ በሚዘለው ማስታወሻ) የሚጻፈውን አጭር ጽሑፍ ነው። ባለመብቱ ማን እንደሆነና ኮዱ በምን ፈቃድ እንደተለቀቀ ይናገራል። አንድ በአንድ መጻፍ ስለሚያሰለች፣ እንደ አድላይሰንስ እና ሪዩዝ ያሉ መሣሪያዎች በአንድ ትእዛዝ ይለጥፉታል። ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ስለ እነሱ የምሰማው ወሬ ግን ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም።

«ማሳሰቢያ የሌለው ኮድ የማንም ነው፤ መውሰድ ይቻላል»

አይቻልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው። መመዝገብ አይጠይቅም፤ ማሳሰቢያ መለጠፍም አይጠይቅም። ስለዚህ ጂትሀብ (ኮድ የሚጋሩበት ድረ ገጽ) ላይ ምንም ላይሰንስ ሳይኖረው የተቀመጠን ኮድ ማየት ይቻላል እንጂ አንስቶ የራስ ሥራ ውስጥ መክተት አይቻልም። ሰው እንዲጠቀምበት ከፈለጋችሁ ፈቃዱን ጻፉለት።

«አንድ ላይሰንስ ፋይል ካለ በየፋይሉ መጻፍ ትርፍ ድካም ነው»

ይሄ ግማሽ እውነት አለው። ለትንሽ ፕሮጀክት፣ በተለይ ኤምአይቲ የተባለውን አጭር ላይሰንስ ለመረጠ ሰው፣ አንዱ ሊበቃ ይችላል። ግን ፋይል ቤቱ አይቀመጥም። አንድ ሰው የምትጠቅመውን አንዲት ፋይል ብቻ ቀድቶ ይወስዳል፤ ላይሰንሱ ደሴ ይቀራል። ጂፒኤልና አፓቼ 2.0 የተባሉት ላይሰንሶችም ከጽሑፋቸው በኋላ ባለው መመሪያ ማሳሰቢያውን ከፋይሎቹ ጋር አያይዙ የሚሉት ለዚህ ነው። ጂፒኤል ላይ ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አለ። «ይህ ስሪት ብቻ» ነው ወይስ «ከዚህ በኋላ የሚወጣውም ጭምር» የሚለው ምርጫ የሚታወቀው ከማሳሰቢያው ነው፤ የላይሰንሱ ጽሑፍ ለሁለቱም አንድ ነው።

የብራና መጻሕፍት ያየ የወሎ ሰው ይሄ አይገርመውም። ማን እንዳስጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ፣ እዚያው ብራናው ላይ ተጽፎ ይገኛል። በ13ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የባለቤቱን ስም በውስጡ ይዞ ነው እስከ ዛሬ የደረሰው።

«ስክሪፕቱ የቱ የማን እንደሆነ ያውቃል»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፤ የልጆቹም ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው።

መሣሪያዎቹ የሚያዩት የፋይሉን አናት ነው። አድላይሰንስ ለምሳሌ መጀመሪያው ላይ የኮፒራይት ቃል ካገኘ ፋይሉን ያልፈዋል። ችግሩ፣ ብዙ የሌላ ሰው ላይብረሪዎች (ሌሎች ጽፈዋቸው በራስ ሥራ ውስጥ የሚካተቱ የኮድ ስብስቦች) ማሳሰቢያቸውን በየፋይሉ አይጽፉም፤ ፎልደራቸው ላይ አንድ ላይሰንስ አስቀምጠው ያበቃሉ። ስክሪፕቱ ፋይሎቹን ባዶ ሲያያቸው ባለቤት የሌላቸው ይመስሉታል። የልጆቹን ስም የለጠፈባቸው እንደዚህ ነው። ሌላ ሀገር ያለ ሰው ዓመታት የደከመበት ኮድ አናት ላይ የደሴ ልጆች ስም ተቀምጧል። አስበውበት አይደለም። የሚያነበው ሰው ግን ይህን በምን ያውቃል?

ፎንቱ ላይም ያው ነው። የሚጠቀሙት አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ነው፤ የተለቀቀው በኦፕን ፎንት ላይሰንስ ነው። ያ ላይሰንስ ፎንቱ በሌላ ፈቃድ እንዳይሰራጭ በግልጽ ይከለክላል። ስክሪፕቱ ግን ከጎኑ «ኤምአይቲ» የሚል ፋይል አስቀምጦለታል።

ከሕጉ ሌላ፣ የተሰበረም ነገር ነበር። ልጆቹ በፓይተን የኮድ ቋንቋ የጻፉት ስክሪፕት በሃሽና በቃለ አጋኖ የሚጀምረው የመጀመሪያ መስመሩ ወደ ታች ተገፍቷል። ሊነክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያንን ምልክት የሚፈልገው ከፋይሉ የመጀመሪያ ሁለት ባይት ላይ ስለሆነ የፓይተኑ ስክሪፕት በስሙ ሲጠራ አልነሳ አለ። ጄሰን በተባሉት የመረጃ ማስቀመጫ ፋይሎች ውስጥ ኮሜንት ገብቷል፤ ጄሰን ኮሜንት አያውቅም፤ አፑ አላነብም አለ። የከፋው የፊደል ሰንጠረዡ ነው። ለጣፊው ስክሪፕት ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 (የግዕዝ ፊደልንም የሚይዝ የጽሑፍ አቀማመጥ) መሆኑን ስላልተነገረው፣ «ሀ ሁ ሂ» የነበረበት መስመር የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ጠበቀን። ሦስታችንም ዝም ብለን አየነው።

የሊነክስን እምብርት፣ ከርነሉን፣ የሚጽፉት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ማሳሰቢያ በሌላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች ላይ የላይሰንስ መለያ ሲያስገቡ ስካነር (የኮድ ፋይሎችን ላይሰንስ የሚፈትሽ ፕሮግራም) ተጠቅመዋል። የስካነሩን ውጤት ግን ሰዎች ተቀምጠው ገምግመውታል።

«ሙሉውን ላይሰንስ በየፋይሉ መገልበጥ ግዴታ ነው»

አይደለም። ሁለት መስመር ይበቃል፦ የባለመብቱ ስም እና የኤስፒዲኤክስ መለያ። ኤስፒዲኤክስ ለየላይሰንሱ አጭር ስም የሰጠ ደረጃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም አቀፍ የአይኤስኦ ደረጃ ሆኗል። ሙሉው ጽሑፍ አንድ ቦታ ይቀመጥ።

«በየዓመቱ ዓመተ ምሕረቱ መታደስ አለበት»

አያስፈልግም። ከርል የተባለው የዳታ ማስተላለፊያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2023 ዓመቱን ከፋይሎቹ ጭራሽ አውጥቶታል፤ መብቱ የትም አልሄደም።

«በስክሪፕት የለጠፍነውን በስክሪፕት እንቀይረዋለን»

ጽሑፉ ይቀየራል፤ ፈቃዱ ግን የባለመብቶቹ ነው። አምስት ሰው የጻፈውን ኮድ ከጂፒኤል ወደ ሌላ ለማዞር የአምስቱም ስምምነት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ፍሪላንስ የምትሠሩ ልብ በሉ። በዚሁ አዋጅ፣ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ የመጀመሪያው ባለመብት አሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው። ኮምቦልቻ ላለ ነጋዴ የሠራችሁትን አፕ በስማችሁ ኦፕን ሶርስ ከማድረጋችሁ በፊት ውሉን አንብቡ። ውል ከሌለ ቀድማችሁ ተዋዋሉ።

ልጆቹ የስክሪፕቱን ሥራ በጂት (የኮድ ለውጥን በሚመዘግበው መሣሪያ) ወደ ነበረበት መለሱት። የላይብረሪና የፎንት ፎልደሮችን እንዲዘል አዘዙት። ለጄሰኑ ማሳሰቢያውን ከጎን በተለየ ፋይል አስቀመጡ። መጀመሪያ ለሦስት ፋይል ብቻ ሞክረው ለውጡን መስመር በመስመር አዩ፤ ከዚያ ሁሉንም ለብቻው በአንድ ኮሚት (በጂት በሚመዘገብ አንድ ለውጥ) አስገቡ።

የቀረው የባለመብት ስም ነበር። ስክሪፕቱ ውስጥ የነበረው የሁለቱ ብቻ ነው። የጂቱን ታሪክ ስናይ የፊደል ሰንጠረዡን የጻፈው ሦስተኛ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ለሥራ አዲስ አበባ ከሄደ ቆይቷል። ደወሉለት። ኤምአይቲ ይሁን ሲሉት ተስማማ። «ስሜን እንዳትዘሉት ብቻ» አለ።